የሎሚዬ ሐሙስ

ከቀበሌው በር ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፣
ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ቃሉ ግን ይነበባል፦
«አትክልት በጎማ ማጠጣት ክልክል ነው፤
መኪና ማጠብም፣ ደጅ መርጨትም ያው ነው።
ማክሰኞ ብቻ ነው፣ ካሥራ አንድ በኋላ፣
በጆግ የሚፈቀድ።»
የጆጉን ልክ ግን አልጻፉትም፤ እኔም አልጠየቅሁ፣
ትልቁን ገዛሁ።

ሰፈሬን ቧንቧ ውሃ ይሉታል፤ አትሳቂ ትርንጎ፤
ስሙ እዚህ ቀርቶ ነው፣ ውሃው የወረደ ወዳንቺ በሐረጎ።
ስደውልልሽ ማታ፣ «እናንተ ጋስ?» ብዬ፣
«እኛ ጋ በቤት ቁጥር ነው» አልሽኝ፣ «እህትዬ፤
ጎዶሎ ቁጥር ሰኞ፣ ሙሉው ቁጥር ሐሙስ፣
ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ካጥሩ አናት እስክትደርስ።
እኔ ሙሉ ነኝ፤
ጎማም ይፈቀዳል።»
ዝም አልሁ።
ሰው ፎቅ ሲያወጣ፣ ሰው መኪና ሲያመጣ፣
ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቅናት ደጄ ያልመጣ፣
ቀናሁ በሐሙስሽ።

እዚህ ጉሙ እንኳ እርጥብ ነው። ከጦሳ ይወርድና
በመስኮት ይገባል፣ ሹራቤን ያረጥባል፣
የሎሚዬን ቅጠል አንድ ባንድ ይልሳል፤
ሥሯን ግን አያውቅም፤
እንደ ሹም ሰላምታ ላይ ላዩን ያልፋታል።

ያቺ ሎሚ፣ የነገርሁሽ፣ በቀለም ጣሳ ውስጥ
ካንዲት ፍሬ የወጣች፣ ስንት ክረምት ከርማ ገና ያላፈራች፣
በየካቲት ፀሐይ ቅጠሏን ጠቀለለች።
ረቡዕ ለት ያጠጣሁ እንደሆን ይመር ይመጣል፣
ደንብ አስከባሪው፤ የልጄ እኩያ ነው፣ ስሜንም ያውቃል።
«ምንድን ነው ይኼ እትዬ?» «የዕቃ እጣቢ ነው።»
ጎንበስ አለ፣ ጣቱን ነከረ፣ አሸተተው፤
«አዎ፣ ሽንኩርት አለው»
ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ምን እንደጻፈ እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ ምን ቀረኝ? በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።
ረዳቱ አያት አያትና፣ «የሷም ሒሳብ አለ፤
የሰው ቦታ ይዛለች» አለ።
ከፈልሁ።
ሐረጎ ቁልቁለቱ ላይ ጆሮዬ ተደፈነ፣
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ።
አጠገቤ ያለች ሴት፣ «ዛፍ ይዘሽ ወዴት ነው?»
«ሐሙስን ፍለጋ።»
ሳቀች፤ እሷም ሦስት ባዶ ጀሪካን ታቅፋለች፤
የምትሄድበትን ግን ለማንም አልነገረች።

ሁለት ሐሙስ ጠጣች ሎሚዬ በርበሬ ወንዝ፤
ቅጠሏ ተፈታ፣ አንገቷ ቀና አለ።
በሦስተኛው ሳምንት ደወልሽ፣ ድምፅሽ ዝቅ ብሎ፦
«ሞተሩ ተቃጠለ። አዲስ ወረቀት አለ፤
ሙሉም ጎዶሎም የለ።
ጎማዬን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትሁት፤
ሎሚሽን ከፊት መታጠቢያዬ እያካፈልሁ አቆየኋት፣
ፊቴን በግማሽ ታጥቤ።»

ያን ጊዜ ነው እህቴ፣ የቀናሁበት ሐሙስ
እንደ አሎሎ የከበደኝ።

እዚህ ግን ትናንት ማታ፣ መጋቢት ሊጋመስ፣
ከጦሳ ጀርባ ጮኸ፤ ጣራው ተንኳኳ፤ ዘነበ።
ማክሰኞ ነበረ፣ ካሥራ አንድ በኋላ፤
ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ቆምሁ፣ ጆጌን እንደያዝሁ፣ በደንቡ መሠረት።
ይመርም ካጥሩ ሥር ቆሟል፣ ደብተሩን ከጃኬቱ ውስጥ ከቶት።
ምን ብሎ ይጻፍ? በየትኛው ቀን፣ በማን ስም?
አስፋልቱን ሞልቶ ጎርፉ ቁልቁል ሲተም፣
ቦርከናን ይዞ ነው፤ ወዳንቺ ነው የሚመጣው፤
አንድም ሰው ወረቀት ከፊቱ አልለጠፈው።
ነገ ጧት ባልዲሽን አውጪና በር ላይ ጠብቂው፤
የቤት ቁጥርሽን ከጠየቀ ግን፣ ትርንጎ፣
ሙሉ ነኝ እንዳትዪ፤
ጎዶሎ ነን በይው።